ቁጥር ያልወጣለት ቤት

ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ ቤት ለመግዛት የፈረምን ቀን አዲስ አበባ ለእናቴ ደወልኩላት። እልል አለች፣ መረቀች፣ ከዚያ እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያውን ስታምስ ተሰማኝ።

«በይ ልጻፈው፤ አድራሻሽ የት ነው?»

«ሎት 27።»

«የመንገዱ ስም ነው?»

«አይ እማዬ፣ የቦታው ቁጥር ነው። መንገዱ ገና አልተሠራም። አሁን ቀይ አፈር ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ለመሆኑ ካርታ አለው?»

ሳቅኩ። አሜሪካ ያለን ቤት ምን ደላላ የሚያዞረው ቦታ አስመሰለችው ብዬ። ነገሩን ሳጣራ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ሆና ተገኘች። እኔ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጌ እየተጨነቅኩ ነበር፤ ቦታው የኔ መሆኑን የሚናገረውን ወረቀትና እኔን ፈልጎ የሚያገኘውን ቁጥር። ሁለቱ የተለያየ ታሪክ አላቸው።

ዛፍ፣ ወንዝ፣ ድንጋይ

በውላችን ላይ «አድራሻ» ከሚለው ፊት «ወደፊት የሚሰጥ» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ከሥሩ የሠፈሩ ስም፣ የግንባታው ምዕራፍና «ሎት 27» አለ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሠፈር ሲሠራ ገንቢው መሬቱን ሸንሽኖ «ፕላት» የሚባል ካርታ ያስነሳል። ካርታው ጸድቆ በካውንቲው መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ቤት ስትገዙ በሕግ የምትገዙት ያንን ቁራሽ ነው። የመንገዱ ስም ነገ ቢቀየር ባለቤትነታችሁ አይነካም።

ይሄ አሠራር ድንገት የመጣ አይደለም። ቨርጂኒያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችበት ዘመን የመሬት ሰነድ የሚጻፈው በምልክት ነበር፤ ከዚህ የኦክ ዛፍ ተነስቶ፣ ወንዙን ይዞ፣ እስከዚያ ድንጋይ። ለሐበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ዛፍ ይደርቃል፣ ወንዝ መንገዱን ይቀይራል፣ ድንጋይም ሌሊት ይገፋል። ጎረቤትና ጎረቤት ፍርድ ቤት ይውላል። አሜሪካ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፣ በ1785 እ.ኤ.አ. በወጣ ድንጋጌ፣ በስተምዕራብ የነበረው ሰፊ መሬት ጎኑ ስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን፣ እያንዳንዱም ተመልሶ በ36 ክፍል እንዲሸነሸን ተወሰነ። እንደ ቨርጂኒያ ያሉት ቀደምት ግዛቶች ግን በዚያው በድሮው አለካክ ቀጠሉ። ዛሬም እዚህ ገጠር ውስጥ ያለ የቆየ ሰነድ ብትከፍቱ ዛፍና ጅረት ታገኛላችሁ። የኛ «ሎት 27» የተቆረሰውም እንደዚያ ከተለካ የእርሻ መሬት ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቤት ቁጥር የሚባል ነገር የለም። እሱ የመጣው በሌላ በር ነው።

ቁጥሩ ለማን ነበር?

በ1770 እ.ኤ.አ. የሀብስበርጓ ገዢ ማሪያ ቴሬዛ ወታደር ፈለገች። በግዛቷ ውስጥ ለውትድርና የሚሆን ወጣት እንዳለ ታውቃለች፤ የት ቤት እንዳለ ግን አታውቅም። ስለዚህ ጸሐፊዎችና መኮንኖች ከመንደር መንደር እየዞሩ በየቤቱ በር ላይ ቁጥር እንዲጽፉ፣ ውስጥ ያለውንም ሰው እንዲመዘግቡ አዘዘች። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤት ተቆጠረ። ሕዝቡ ነገሩ ስለገባው አንዳንዱ ሌሊት ወጥቶ ቁጥሩን ይፍቅ ነበር። ቁጥሩ የተለጠፈው እንግዳ መንገድ እንዳይስት አልነበረም፤ መንግሥት ልጅህን እንዳያጣው ነበር።

ይሄን ሳነብ የእናቴ ቤት ቆርቆሮ በር ትዝ አለኝ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር አድራሻዋ ሰው ነበር። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ የሠራዊት መስፈሪያ ማለት ነው። መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ በተሰጣቸው ቦታ ከነተከታያቸው ሰፈሩ፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር እየተባለ ከተማው በስም ተሰፋ። ደብዳቤ በፖስታ ሳጥን ቁጥር ይመጣል፤ ሰው በምልክት ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የቀበሌ ማኅበራት ተቋቋሙ። ቀበሌ ኪራይ ይሰበስባል፣ ቤተሰብ ይመዘግባል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ በመታወቂያው ላይም የቤት ቁጥር ይጽፋል። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድ እናቴ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጡት ሰዎች ስም አልጠሩም ትላለች። ቁጥሩን ከያዙት ወረቀት ጋር አስተያይተው ገቡ። ታላቅ ወንድሟን ወሰዱት። አልተመለሰም።

እናቴ እስከ ዛሬ ለማንም የቤት ቁጥሯን ነግራ አታውቅም። ሁልጊዜ በምልክት ነው የምትነግረው። ልጅ ሆኜ ሲመስለኝ ቁጥሩን ረስታው ነበር።

ፊቱን ያዞረው ቁጥር

አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ ቀስ እያለ ሌላ ሥራ ያዘ። አንደኛው ፖስታ ነው። የገጠር ገበሬ ደብዳቤ ለመውሰድ ፈረሱን ጭኖ ከተማ መውረድ ነበረበት። ጥቅምት 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. በዌስት ቨርጂኒያ ሦስት ትንንሽ ከተሞች በነፃ ቤት ድረስ ማድረስ ተጀመረ።

ሁለተኛው ንግድ ነው። ቺካጎ በ1889 እ.ኤ.አ. አጎራባች ከተሞችን ስትጠቀልል አንድ ስም ያላቸው ብዙ መንገዶች፣ አቆጣጠራቸውም የተለያየ ሰፈሮች ወረሷት። ኤድዋርድ ብሬናን የሚባል ዕዳ ሰብሳቢ ባለዕዳዎቹን ሲፈልግ መጥፋት ሰለቸውና ከተማው በሙሉ ከአንድ መስቀለኛ መንገድ፣ ከስቴትና ማዲሰን፣ እንዲቆጠር ዓመታት ሙሉ ተሟገተ። በ1909 እ.ኤ.አ. ተሳካለት።

ሦስተኛው ነፍስ ማዳን ነው። የካቲት 16 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. በአላባማ፣ ሄሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ ተደረገ። ኋላ ቴክኖሎጂው ሲያድግ የደዋዩ አድራሻ በተቀባዩ ስክሪን ላይ መታየት ጀመረ። ታዲያ አድራሻ የሌለው ቤት ምን ይታይለታል? «የገጠር መስመር 2፣ ሳጥን 14» ለፖስተኛው በቂ ነበር፤ ሰዉን በስም ያውቀዋላ። አምቡላንስ ግን አያውቀውም። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ያቺው ፖስታ ቀድሞ የደረሰባት፣ የገጠር ቤቶቿን በመንገድ ስምና በቁጥር ለማደራጀት ግዛት አቀፍ ሥራ የጀመረችው ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እዚያም «መንግሥት ምን ሊያደርግበት ነው?» ብሎ የተጠራጠረ ነበር። የእናቴ ዘመዶች በሏቸው።

ያቺ ሌሊት

ቤታችን አለቀ። ካውንቲው ለመንገዱ ስም፣ ለቤቱም ቁጥር ሰጠ። ገባን። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የሦስት ዓመቱ ልጃችን ትንፋሽ አጠረው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ድምፁ እንደ ውሻ ጩኸት ሆኗል። 911 ደወልኩ። አድራሻዬን ነገርኳት። ተቀባይዋ ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ ነገርኳት።

«ይሄ መንገድ እኔ ጋ አይታየኝም» አለችኝ።

ሥልጣኔ የሚባለው ነገር በሙሉ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲፈርስ ተሰማኝ። ቁጥሩ አለ፣ በበሩ ላይ ተለጥፏል፤ በሷ ካርታ ላይ ግን እኛ ገና ቀይ አፈር ነን። ያኔ አፌ ራሱ ጀመረ። «ዋናውን መንገድ ይዘው ሲመጡ ነጩን የውሃ ጋን ያያሉ። ከጋኑ ጀርባ ይታጠፉ። ያላለቁት ቤቶች ጋ ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ አለ፤ ከገንዳው ሦስተኛው ቤት። ባለቤቴ መንገድ ላይ የስልክ መብራት ይዞ ይቆማል።» የእናቴን ቃና ነው የሰማሁት፤ ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ።

ደረሱ። ልጁ ኦክስጅን ተሰጠው፣ ሆስፒታል አደርን፣ በነጋታው ተሽሎት ወጣ።

እና ምን እናድርግ?

ውጭ አገር ቁጥር ያልወጣለት ቤት ልትገዙ ከሆነ መፍራት የለባችሁም። ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጠይቁ።

የመጀመሪያው የእናቴ ነው፤ ካርታ አለው? ፕላቱ ጸድቆ ካውንቲው መዝገብ ውስጥ ገብቷል? ካልገባ «ሎት» የምትሉት ነገር ገና ሐሳብ ነው። በውሉ፣ በባለቤትነት ሰነዱና በቅየሳው ወረቀት ላይ ያለው የሎት ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። አንዲት አሃዝ ብትዛነፍ የጎረቤትን ቦታ ፈርማችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው፤ ማን ያገኘኛል? አብዛኛውን ጊዜ አድራሻ የሚሰጠው ገንቢው ወይም ፖስታ ቤቱ ሳይሆን ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ከሚመለከተው ቢሮ በጽሑፍ ተቀበሉ። ለባንኩና ለኢንሹራንሱ የሎቱን ቁጥርና አዲሱን አድራሻ አንድ ላይ ላኩላቸው፤ አለበለዚያ ሁለት ቤት ይመስላቸዋል። በገባችሁ ሳምንት ደግሞ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በተመደበው ስልክ ደውላችሁ «ይሄ አድራሻ እናንተ ጋ ይታያል?» በሉ። እኔ ይህን ያደረግኩት ከዚያች ሌሊት በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

መንገዱ ካርታ ላይ የወጣ ዕለት ለእናቴ ደወልኩ። የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት። ቀስ ብላ ጻፈችው፤ ደግማ አነበበችልኝ።

«እሺ» አለች፣ «ምልክቱስ?»