ሆድ ሳይከፈት የሚወገደው የጨጓራ ካንሰር

የጨጓራ ካንሰር በዓለም ብዙ ሕይወት ከሚቀጥፉት የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ነው። በዓለም አቀፍ ግምት መሠረት እ.ኤ.አ በ2022 ብቻ 968 ሺህ ያህል ሰዎች በበሽታው አዲስ የተያዙ ሲሆን፣ 660 ሺህ ያህል ሰዎች ደግሞ ሞተዋል። በሽታው በመነሻ ደረጃው ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊድን የሚችል ነው።

እ.ኤ.አ በ1962 በጃፓን በወጣው ትርጓሜ መሠረት የመነሻ ደረጃ የጨጓራ ካንሰር የሚባለው ወደ ጡንቻው ሳይዘልቅ በጨጓራ ውስጠኛ ሽፋን ወይም ከሽፋኑ ሥር ባለው ንጣፍ ተወስኖ የሚገኘው ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ ምልክት አይታይበትም። ምልክት ቢኖርም ከተለመደው የጨጓራ ሕመም ለመለየት ያዳግታል።

ቀደም ሲል ሕክምናው ሆድን በመክፈት የጨጓራን ከፊል ወይም ሙሉ አካል በአካባቢው ካሉት የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ማውጣት ነበር። ሆኖም በውስጠኛው ሽፋን ብቻ የተወሰነ ካንሰር ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የመዛመት ዕድሉ አነስተኛ መሆኑ በመረጋገጡ፣ ጨጓራን ሳያወጡ ዕጢውን ብቻ የማስወገድ አማራጭ ተከፍቷል።

በ1980ዎቹ የጃፓን ሐኪሞች ዕጢውን በኢንዶስኮፒ በሚገባ የሽቦ ቀለበት መቁረጥ ጀመሩ። ዘዴው ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነን ዕጢ ሳይቆራረጥ ለማውጣት ስለማያስችል፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኤሌክትሪክ ቢላዋ ፈልቅቆ የማውጣት ዘዴ ተፈጠረ። ጃፓን እ.ኤ.አ በ2006 ሕክምናውን በጤና መድን ሽፋን ውስጥ አካታለች።

ሐኪሙ ካሜራ የተገጠመለትን ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ካስገባ በኋላ የዕጢውን ዙሪያ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎም ከሥሩ ፈሳሽ በመርፌ በመስጠት ዕጢውን ከጡንቻው ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም ዙሪያውን ቆርጦ በአንድነት ፈልቅቆ ያወጣዋል። የወጣው አካል በላቦራቶሪ ተመርምሮ ካንሰሩ በጠርዙ ላይ ወይም በደም ሥሮች ውስጥ ከተገኘ፣ አልያም ወደ ጥልቀት ከዘለቀ፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። የጨጓራ መድማትና መበሳት የሕክምናው ዋነኛ ችግሮች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ በዚያው በኢንዶስኮፒ ይታከማሉ።

ጨጓራው በቦታው ስለሚቆይ በሌላ ሥፍራ አዲስ ካንሰር ሊፈጠር ይችላል። በመሆኑም ሕመምተኛው በየጊዜው ክትትል ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ የሆነ የደቡብ ኮሪያ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሕክምናው በኋላ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በመድኃኒት ማጥፋት አዲስ ካንሰር የመከሰት ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

የሕክምናው ጠቀሜታ የሚወሰነው በሽታው ቀድሞ በመገኘቱ ነው። ደቡብ ኮሪያ ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ዜጎቿ በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ እንዲያደርጉ የምታመቻች ሲሆን፣ ጃፓንም እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣችው መመሪያ ከ50 ዓመት ጀምሮ የኢንዶስኮፒ ምርመራ እንዲደረግ ፈቅዳለች። ይህን መሰል የምርመራ ሥርዓት፣ የሠለጠነ ሐኪምና የላቦራቶሪ ባለሙያ ባልተሟሉበት ሁኔታ ግን መሣሪያውን መግዛት ብቻውን ውጤት አያስገኝም።