ከመታጠቢያ ቤት የወጣው የውሃ ሽጉጥ

ሱፐር ሶከር የተባለውን የውሃ ሽጉጥ የፈጠረው የጠፈር መሐንዲስ ነው ቢባል ታምናላችሁ? ሎኒ ጆንሰን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 አላባማ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1968 ከአሮጌ ዕቃ የሠራውንና በታመቀ አየር የሚንቀሳቀስ ሮቦት ይዞ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለሳይንስ ውድድር ቀረበ። ዩኒቨርሲቲው ለጥቁሮች በሩን ከከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ጥቁር እሱ ብቻ ነበር፤ አንደኛ ወጣ።

ኋላ ናሳ ገብቶ ወደ ጁፒተር በተላከችው ጋሊሊዮ መንኮራኩር ላይ ሠርቷል። በ1982 ደግሞ ቤቱ ውስጥ በፍሪዮን ጋዝ ፋንታ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሲሞክር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ላይ ያሰረው አፈሙዝ ውሃውን ክፍሉን አሻግሮ ረጨው። ይሄማ አሪፍ አሻንጉሊት ይወጣዋል ብሎ አሰበ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በእጅ ስትገፉት አየሩ ይታመቃል፤ ምላጩን ስትስቡ የታመቀው አየር ውሃውን ያስፈነጥረዋል። ቀላል ይሁን እንጂ ገበያ ላይ የዋለው በ1990 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ! ከዚያ በኋላ ግን ሽያጩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

ሃስብሮ የተባለው ኩባንያ ድርሻዬን አጉድሎብኛል ብሎ ተከራክሮም፣ በ2013 ወደ 73 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነለት። ከአሻንጉሊት ያገኘውን ገንዘብ አትላንታ ባለው ቤተ ሙከራው ያውለዋል፤ እዚያ ሃይድሮጂንን በስስ ሽፋን እያሳለፈ ሙቀትን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሞተር ይሠራል።