የካውቦይ ፍቅር ታሪክ፦ መሬቱ በማን ስም ነው?



በአሜሪካ ስለ ካውቦዮች የሚጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶች ብዙ ሴት አንባቢዎች አሏቸው። የመኝታ ቤት ነገር በግልጽ ስለሚጻፍባቸው ብዙዎቻችን ሽፋናቸውን አይተን እናልፋቸዋለን። የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ አንዲት ሴት በሁለት ወይም በሦስት ወንዶች የምትፈቀርባቸው ናቸው፤ በአንዳንዶቹ እስከ መጨረሻው አንዱን ምረጪ የሚላት የለም። እኛ ግን የሒሳብ ሥራ ልማድ ሆኖብን ፍቅሩን ትተን ንብረቱን ተከተልን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እውነተኛው ካውቦይ ደመወዝተኛ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ካበቃ በኋላ የቴክሳስን ከብት እየነዳ ወደ ካንሳስ ባቡር ጣቢያዎች ያደርስ ነበር፤ ከብቱም መሬቱም ግን የሌላ ሰው ነው። ከአራት ካውቦዮች አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በ1874 ጆሴፍ ግሊደን ለእሾሃማ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ሜዳውም እየታጠረ ሄደ። የባቡር ሐዲድ ተስፋፋ፣ የ1886 እና 87 ክረምትም ብዙ ከብት ፈጀ። ረጅሙ የከብት ጉዞ ከሃያ ዓመት ብዙም አልዘለለም።

በዚያው ዘመን፣ በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ላላገባች ወይም ባሏ ለሞተባት ሴት እስከ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል፣ በራሷ ስም እንድትይዝ ፈቀደ። አምስት ዓመት ኖራበት ካለማችው የእሷ ይሆናል። ባል ያላት ሴት ግን የቤተሰብ ኃላፊ ካልሆነች በራሷ ስም ማመልከት አትችልም ነበር። ይህ ሁሉ መሬት ከነባር ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑም አይረሳም።

ካውቦዩን አፍቃሪ ጀግና ያደረገው ኦወን ዊስተር በ1902 ባሳተመው «ዘ ቨርጂኒያን» ነው። በ1906 ደግሞ የሞንታናዋ በርታ ባወር «ቺፕ ኦፍ ዘ ፍላይንግ ዩ»ን አወጣች፤ ካውቦዩ የሚወዳት ሴት ሐኪም ናት። መጽሐፉ ላይ የታተመው ስም «ቢ. ኤም. ባወር» ስለነበር ብዙ አንባቢዎች ደራሲው ወንድ መስሏቸው ነበር።

ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ቀድሞ በቢሮ ጸሐፊነት ትሠራ የነበረችው ጃኔት ዴይሊ የቴክሳስንና የሞንታናን የከብት እርባታ በሙሉ ስሟ ጻፈች። በ1980 ጥቁር አሜሪካዊቷ አርታኢ ቪቪያን ስቲቨንስ ከሌሎች ሴቶች ጋር በሂዩስተን የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያንን ማኅበር መሠረተች። ከ2007 ወዲህ ኪንድል ሲመጣ ደራሲዎቹ የአሳታሚ ፈቃድ ሳይጠብቁ በራሳቸው ማሳተም ቻሉ። የብዙ አፍቃሪዎች ታሪክ በስፋት የተሰራጨውም በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ንብረቱ እንመለስ። በዛሬዎቹ ልብ ወለዶች ዘንድ የተለመደ አንድ አነሳስ አለ፤ ሴትየዋ ከአያቷ ወይም ከአባቷ ዕዳ ያለበት የከብት እርባታ ትወርሳለች፤ ወንዶቹ እሷ ዘንድ ይሠራሉ። መምረጥም አለመምረጥም የምትችለው ቤቱ የእሷ ስለሆነ ነው። ማንንም ብታሰናብት ሜዳ ላይ አትወድቅም። የዊስተር ጀግና ግን ደመወዝተኛ አስተማሪ ነበረች፤ የነበራት ምርጫ ካውቦዩን ማግባት ወይም ወደ ወላጆቿ አገር መመለስ ነበር።

ልብ ወለዶቹ የሚያድበሰብሱት ነገርም አለ። ዕዳው ብዙ ጊዜ በፍቅር ተሸፍኖ ይቀራል፤ ባንክ ግን በፍቅር አይከፈልም። የመኝታው ትዕይንትም ለሁላችንም የሚስማማ አይደለም፤ የማይወድ ባያነብ መብቱ ነው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጃችሁ ከገባ ግን «ማንን ታገባ ይሆን?» ከማለታችሁ በፊት «ሰነዱ በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በማኅበራችን የቁጠባ ደብተር በባል ወይም በወንድም ስም ሳይሆን በእያንዳንዷ አባል ስም የሚከፈተው ለዚሁ ነው።