ቀዳዳዋ ከጌጁ በላይ ዕድሜ አላት

ዛሬ የአንዲት ቀዳዳ ታሪክ ላውጋችሁ። ስፋቷ 3 ኢንች ከ1/8 ነው፣ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 ጂሚ ዱሊትል ኒው ዮርክ አጠገብ፣ ሚቸል ፊልድ ላይ፣ መቀመጫው ተሸፍኖበት ውጭውን ሳያይ ተነሣ፣ በረረ፣ አረፈ። የሚያየው ጌጆቹን ብቻ ነበር፦ የስፔሪን ሰው ሠራሽ አድማስና የአቅጣጫ ጋይሮ፣ የኮልስማንን ከፍታ መለኪያ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል ስድስት ዋና ጌጆችን በቋሚ ቅደም ተከተል ደረደራቸው፤ አብራሪው የትኛውም አውሮፕላን ላይ ቢወጣ ዓይኑ የት እንደሚያርፍ እንዲያውቅ። ክቧ ቀዳዳም ከጊዜ ጋር መደበኛ ሆነች።

አሁን ወደ አሜሪካ ጋራዦች እንሂድ። እዚያ ሰው አውሮፕላን በቤቱ ይሠራል። ፖል ፖበረዝኒ በ1953 የእነዚህን ሠሪዎች ማኅበር ሚልዋኪ ላይ መሠረተ። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1973 ኩባንያ አቋቁሞ አርቪ የሚባሉትን ኪቶች ይሸጥ ጀመር፤ እስካሁን ከ10,000 በላይ አርቪዎች ተሠርተው በረዋል።

በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የተሠሩት ፓኔላቸው የተቀደደው ለክብ ጌጅ ነው። (ፓኔል ስል መኪና ላይ ዳሽቦርድ የምንለው ነው።) ጋይሮ በውስጡ የሚሽከረከር ብረት ስላለው ወደ ኋላ ይረዝማል። ከፓኔሉ ጀርባ ደግሞ ሪብ የምንላቸው ድጋፎችና ሌላ የተደበቀ ሉህ አሉ። ሠሪው ጌጆቹን በሪቡ ግራና ቀኝ እያስቀመጠ ይገላገል ነበር።

ከዚያ በ2003 ዳይነን ዲ10 የምትባለውን ትንሽ ስክሪን አወጣ። ብልሃቷ ምን መሰላችሁ? እዚያችው አሮጌ ቀዳዳ ላይ ትገባለች! ማንም መጋዝ አላነሣም።

ችግሩ የመጣው ስክሪኑ ሲያድግ ነው። ባለ 10 ኢንቹ ስክሪን ጥልቀቱ ትንሽ፣ ወርዱ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ልክ ሪቡ የቆመበት ቦታ ላይ ያርፋል። አሜሪካ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን ፎቶ ልኮ "ጋሼ፣ ይቺን ብቆርጣትስ? ፓኔሉን ብቻ ነው የያዘችው" አለኝ። እኔም በጓዳ ከምመልስለት ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ፓኔል ስክሪን ብቻ ተሸክሞ የቆመ ይመስላል። ጀርባው ያለው ሪብና ሉህ ግን ፓኔሉ በሞተሩ ንዝረት እንዳይርገፈገፍ፣ የአውሮፕላኑ አካልም ቅርጹን እንዳይለቅ ያግዛሉ። ሽፋኑ ከፊት ታጥፎ ወደ ላይ በሚከፈትባቸው አርቪዎች ደግሞ የማጠፊያው ጭነት እዚያው አካባቢ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጎበዝ ሠሪ መጀመሪያ የኪቱን አምራች ይጠይቃል። ከቆረጠም የተቆረጠው ይሸከም የነበረውን የሚረከብ አንግል ዙሪያውን በሪቬት ያስራል። የቀዳዳውን ማዕዘን ያከብበዋል፤ ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ነውና የሚነሣው። ሲጨርስ ክብደቱንና ሚዛኑን እንደገና ያሰላል፤ የለወጠውንም ነገር በመዝገብ ያሰፍራል፣ ነገ ሌላ ባለቤት ይመጣልና።

በ2016 የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የዲ10 ዓይነት የሆነችው ዲ10ኤ በአንዳንድ የሴስናና የፓይፐር አውሮፕላኖች ላይ እንድትገጠም ፈቀደ፤ ፈቃዱን ያስገኘውም ያ በ1953 የተመሠረተው ማኅበር ነው። ጋራዥ ውስጥ የተፈተነው ዕቃ ፋብሪካ የሠራው አውሮፕላን ውስጥ ገባ ማለት ነው። ዕቃዋ አሮጌውን ቤት አውቃ መሠራቷ መንገዷን እንዳቀለለላት አምናለሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ አዲስ ነገር አትፍሩ። መጋዝ ከማንሣታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቆርቆሮ ምን ተሸክሟል? መልሱን ካላገኛችሁ አትቁረጡ።

እናንተስ በየሥራችሁ "ምንም አያደርግም" ተብሎ የተነሣ፣ ኋላ ግን ብዙ ተሸክሞ የተገኘ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።