በጥጥ ማሳ የመጨረሻው ርጭት፦ ከቀን አቆጣጠር ወደ ተክል አቆጣጠር

ጥጥ አብቃዮች በወቅቱ መገባደጃ ፀረ ተባይ ርጭት የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ ትል መታየቱ ሲቀር ወይም የተለመደው ቀን ሲደርስ ነው። በሁለቱም መለኪያ መድኃኒት ይባክናል፤ ወሳኙ ነገር ተባዩ ሊጎዳው የሚችል ዋጋ ያለው ፍሬ መኖሩ ነውና። ይህን የሚነግረን ተክሉ ነው። በአሜሪካ የአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባዳበሩት ኮትማን በተሰኘ የክትትል ዘዴ፣ በፍሬያማ ቅርንጫፎች ላይ ለግንዱ ቅርብ በሆነው ቦታ ከፈኩት ነጭ አበቦች የላይኛው ይለይና ከእሱ በላይ ያሉት አንጓዎች ይቆጠራሉ። ተክሉ ጉልበቱን ለፍሬ ሲያውል ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። የማሳው አማካይ 5 ከደረሰ በኋላ የሚፈካ አበባ ለምርቱ የሚጨምረው እምብዛም ነው፤ ጥበቃ የሚሻው የመጨረሻው ፍሬ የዚያን ዕለቱ ነው።

ፍሬው ቅርፊቱ ሲጠነክር ለጓይ ትል ጫጩትም ሆነ ለጥጥ ነቀዝ አይበገርም። እዚህ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ በሙቀት ክምችት ይለካል፤ የዕለቱ አማካይ ሙቀት ከ15.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የበለጠበት መጠን በየቀኑ ይደመራል። የአርካንሶው ልክ በፋራናይት 350፣ በሴንቲግሬድ 194 ገደማ ነው። አማካዩ 27 ዲግሪ ከሆነ 17 ቀን፣ 21 ዲግሪ ከሆነ ግን 36 ቀን ይፈጃል። አንድ ቋሚ ቀን ለሁለቱም ማሳ ሊሠራ አይችልም።

«አንድ ተጨማሪ ርጭት ለዋስትና ቢሆን ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ ግን ዋስትና የሚገባለት ነገር የለም። ርጭቱ ጠቃሚ ነፍሳትን ይፈጃል፣ መድኃኒቱን የለመደ ተባይም ለከርሞ ያስተርፋል። ይበልጥ የሚያሳስበው መቃወሚያ የነጭ ዝንብና የክሽክሽ ነው። እነዚህ የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ የተከፈተውን ጥጥ ስለሚያጣብቀው፣ ክትትላቸው እስከ ለቀማ መቀጠል አለበት። ይህ ግን የጓይ ትል ርጭትን ለማራዘም ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም የነጭ ዝንብን ጠላቶች የሚገድል ሰፊ መድኃኒት ችግሩን ያባብሳል።

የአርካንሶው ቁጥር ለአዋሽ ሸለቆ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። የዚያ ጓይ ትል የእኛው ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም፤ በመስኖ ማሳም ውኃው ካልተቋረጠ ተክሉ አዲስ አበባ ማውጣቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ልኩ በወረር ምርምር ማዕከል ማሳዎች ላይ፣ ውኃ ከሚቆምበት ጊዜ ጋር ተጣምሮ፣ ለአገሩ ዝርያዎች ሊፈተሽ ይገባዋል። አንጓ መቁጠሩን ግን ማንኛውም የማሳ ተቆጣጣሪ ከወዲሁ ሊጀምረው ይችላል።