ሞግዚትና ደመወዟ

«ሞግዚት» የሚለው ቃል በጎንደር ታላቅ ክብር ነበረው። በ1723 ዓ.ም. አፄ በካፋ ዐርፈው ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በሕፃንነታቸው በነገሡ ጊዜ፣ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በሞግዚትነት አገር አስተዳድረዋል። ዛሬ ይኸው ስም የሚሰጠው የሰው ልጅ አዝላ ለምትውል፣ ደመወዟም በቃል ብቻ ለሚነገር ወጣት ነው። ክብሩ ከስሙ ተለይቶ የቀረበትን ምክንያት መመርመር ለማኅበራችን አባላት አይበዛም እላለሁ፤ አብዛኞቻችን አሠሪዎች ነንና።

ያደግሁባት አዲ አርቃይ ሴት ልጆቿን ወደ ከተማ ስትሸኝ ኖራለች። ልጅቱ ጣልያን በወረራው ዘመን በሠራው መንገድ ሊማሊሞን ወጥታ፣ በደባርቅና በዳባት አልፋ ጎንደር ትገባለች፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ትሻገራለች። በመሸኛው ዕለት ስለ ደመወዝ ብዙ አይነገርም። የሚነገረው «እንደ ልጄ አያታለሁ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅ ደመወዝ አይጠይቅም፣ የዕረፍት ቀንም አይቈጥርም። በሌላ በኩል የቤቱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ እርሷ ደብተሩን ተሸክማ እስከ በር ትሸኘዋለች። እንግዲህ በዝምድና ስም የልጅነቱ ግዴታ ደርሷታል፤ መብቱ ግን አልደረሳትም።

ሕጉም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ በመኝታው፣ በምግቡ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቱ ረገድ ጤንነቱና ሥነ ምግባሩ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያዝዛል፤ ይሁን እንጂ የሰዓቱን ልክ በቍጥር አይወስንም። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አደረጋቸው። አዋጅ ቍጥር 377/96 የግል አገልግሎት ሥራ ሁኔታ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ገለጸ፤ ከ15 ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ደግሞ ይህንኑ ተስፋ ደገመው።

ሕጉ የተወውን ስፍራ ደላላና ተያዥ ያዙት። ደላላው ዋጋውን ይናገራል፣ ኮሚሽኑንም ይቀበላል፤ ተያዡ ለአሠሪው ንብረት ዋስ ይሆናል፤ ለሠራተኛዋ ደመወዝ ዋስ የሚሆን ግን የለም። ተመላላሽ የሆነችው ማታ ወደ ቤቷ ስለምትሄድ የሥራዋ ወሰን ይታወቃል። አዳሪዋ ግን ሕፃኑ በሌሊት ባለቀሰ ቍጥር ትነሣለች፤ ይህም በማንም ሒሳብ አይገባም።

ይህ ታሪክ በእኛው ፕላን ላይም ተሥሏል። በቀድሞው ቪላ የሠራተኛዋ ክፍል ከጓሮ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ይሠራ ነበር። በኮንዶሚኒየሙ ፕላን ግን ይህ ክፍል የለም፤ ስለዚህ አዳሪዋ ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች፤ እንግዳ ካመሸም እርሷ አብራ ታመሻለች።

ጥፋቱን በሌሎች ላይ ብቻ አላሳብብም። በግንባታ ሥራ ላይ ለቀን ሠራተኛ ሁሉ ፔሮል አስፈርማለሁ፤ ድንጋዩን በሜትር ኩብ ለክቼ እከፍላለሁ። ልጄን ላሳደገችልኝ ሠራተኛ ግን ደመወዟን «ይጠራቀምላት» ብዬ በእጄ አቈየሁት፤ መዝገብም አልያዝሁም። ወደ አገሯ ልትሄድ በተነሣች ጊዜ ስንት ወር እንደተከፈላት፣ ስንት እንደቀራት ሁለታችንም በትክክል ማስታወስ አልቻልንም። እርሷ «እርስዎ ያሉት ይሁን፣ ጋሼ» አለችኝ። ያን ቃል ዛሬም አልረሳሁትም፤ ይቅርታ ሳይሆን ማስረጃ የሌለው ሰው ቃል ነበርና።

ስለዚህ ደንቡን ሳንጠብቅ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው አለ። ሥራዋ፣ ሰዓቷ፣ የዕረፍት ቀኗና ደመወዟ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በእጇ ይቈይ፤ ገንዘቧም በየወሩ በራሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለድንጋይ ውል የምንጽፍ ሰዎች ልጃችንን አደራ ለሰጠናት ውል መጻፍ ሊከብደን አይገባም።