በእንጨት ፈረስ ላይ የተደረገ ትግል

ሕፃናትን ይዞ ወደ መጫወቻ ሥፍራ መሄድ በታሪክ የሚጻፍ ጉዳይ አይመስልም። ቲኬት ይቆረጣል፤ ልጁ በሚሽከረከረው የእንጨት ፈረስ ላይ ጉብ ይላል፤ አባት ዳር ቆሞ እጁን ያወዛውዛል፤ ማምሻውን ሁሉም ደክሞት ቤቱ ይገባል። በቃ። ለአሜሪካ ጥቁሮች ግን ይህች ቀላል ቀን ብዙ ዘመን የተከለከለች ቀን ነበረች።

ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፈው ደብዳቤ፣ ጥቁሮች ከዚህ በላይ መታገሥ የማይችሉበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ከግድያውና ከድህነቱ መካከል የስድስት ዓመት ልጁን ያነሣል። ልጅቱ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያየችው መጫወቻ ሥፍራ ውሰደኝ ትላለች። አባት ለጥቁር ልጆች ዝግ መሆኑን ሊነግራት ሲሞክር አንደበቱ ይተሳሰርበታል። ያን ያህል ሕዝብ በንግግሩ ያነሣሣ ሰው!

ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ ጉዳዩን በእጃቸው የያዙ እንደኛው ተማሪዎች ነበሩ። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ ግሌን ኤኮ የሚባል መጫወቻ ሥፍራ ነበር። ማስታወቂያው ሕዝቡን ኑ እያለ ይጠራል፤ ጥቁር እንደማይስተናገድ ግን ትንፍሽ አይልም። ይህን የሚናገረው ዘበኛው ነው። ጁን 30 ቀን 1960 አብዛኞቹ ከሀዋርድ ዩኒቨርስቲ የሆኑ ተማሪዎች፣ ጥቁርና ነጭ ሆነው፣ ወደዚያው ሄዱ። ቲኬት ይዘውም ፈረሶቹ ላይ ወጡ። ዘበኛው ከተማሪዎቹ አንዱን ዘርህ ምንድን ነው ቢለው፣ ዘሬስ ሰው ነው አለው። 5 ጥቁር ተማሪዎች ታሰሩ። ጥፋታቸው በሰው ይዞታ መግባት ነበር።

ጎረምሳ በልጆች ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲታሰር እንዴ፣ ሌላ ትልቅ ጉዳይ ጠፋ ወይ? የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። እኛም በመጀመሪያ ብለናል። ነገር ግን መድልዎ ሕፃን ልጅን የሚያገኘው በምርጫ ሣጥን አይደለም፤ በመጫወቻው በር ላይ ነው። ከሌላው ልጅ ያነሰ ተደርጎ መቆጠሩን የሚማረው እዚያ ነው፤ ለዚያውም ከገዛ አባቱ አፍ።

ትግሉ በዚያው አልቀረም። በአካባቢው የሚኖሩ ነጮች ከተማሪዎቹ ጋር ተሰለፉ። በ1961 በሩ ለሁሉም ተከፈተ። የ5ቱም ፍርድ በ1964 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ፤ ዘበኛው የመንግሥት ሹመት ስለነበረው፣ ያገለላቸው የቦታው ባለቤት ብቻ ሳይሆን መንግሥትም ነው ተባለ።

ባልቲሞር አጠገብ የነበረው ግዊን ኦክ ግን አሻፈረኝ እንዳለ ቆየ። ጁላይ 4 ቀን 1963፣ በነጻነት በዓላቸው ዕለት፣ ከ250 የሚበልጡ ሰልፈኞች፣ ቄሶችና የአይሁድ ረቢዎች ሳይቀሩ፣ እዚያ ታሰሩ። ሥፍራው የተከፈተው ኦገስት 28 ቀን 1963 ነው። ያን ዕለት ኪንግ በዋሽንግተን ስለ ሕልሙ ለሕዝብ ሲናገር፣ ግዊን ኦክ ላይ ሻረን ላንግሊ የምትባል ዓመት ያልሞላት ጥቁር ሕፃን፣ አባቷ ጎኗ ቆሞ ደግፏት፣ ፈረሱ ላይ ተቀመጠች።

እነዚያ ፈረሶች በ1981 ወደ ዋሽንግተን ከተማ እምብርት ተዛወሩ። ግሌን ኤኮም ዛሬ የሕዝብ ፓርክ ነው። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያ ቢሄዱ፣ ዘርህ ምንድን ነው ብሎ በር የሚዘጋባቸው የለም። ይህ በራሱ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ተማሪዎች ለሰው ልጅ ብለው ስለታሰሩ ነው። ጓዶች፣ ትንሽ ነገር ናት ብለን የምናልፋትን ነገር እስቲ ደግመን እንያት።